ስልኩ «ከባድ ድብርት» ካለ እንመነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ኮምፒውተርና ሒሳብ የሰውን ጭንቀት ማወቅና ማቃለል ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቁ ናቸው። ለቦታ ስንል አሳጥረናቸዋል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ከሥራ ከተሰናበተ ወዲህ ዝምታ አብዝቷል። ሰሞኑን ስልኩ ላይ የጫነው አፕሊኬሽን ጥያቄ ጠይቆት «ከባድ ድብርት» አለው። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። ኮምፒውተር ይህን ማወቅ ይችላል ወይ? እንመነው ወይስ እናጥፋው? (እህት)

መልስ፦ እህታችን፣ ውጤቱን አይጣሉት፤ እንደ ፍርድም አይቀበሉት። እንዲህ ያሉ አፕሊኬሽኖች ብዙዎቹ በሕክምና ተቋማትም የሚሠራበትን ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው 9 የሚባለውን፣ ወደ ስልክ ያመጡ ናቸው። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። «በጭራሽ» 0፣ «አንዳንድ ቀን» 1፣ «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» 2፣ «በየቀኑ ለማለት ይቻላል» 3 ይያዝለታል። ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 19 ጠንከር ያለ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ወንድምዎ ያየው «ከባድ» የመደመር ውጤት ነው እንጂ ሐኪም መርምሮ የደረሰበት አይደለም።

መደመሩ የት ላይ እንደሚሳሳት ይታወቃል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ሐሳብ መሰብሰብ የሚጠይቁት 4 ጥያቄዎች ድብርት በሌለበትም ከፍ ይላሉ። ደም ማነስ፣ ታይፎይድ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የማታ ፈረቃ፣ ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት ሁሉም እነዚህኑ ይነካሉ። አራቱ ብቻ ሙሉ ነጥብ ቢያገኙ 12 ይሆናሉ፤ «መካከለኛ ድብርት» ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የደም ምርመራም ይጠይቁ፤ ጫት የሚቅም ከሆነም ሳይሸሽግ ይናገር።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከቁጥር ነው። ከ1,000 አዋቂዎች 100ው በእርግጥ ድብርት ያለባቸው ናቸው እንበል። መጠይቁ ከታመሙት 80 በመቶውን ያገኛል፣ ካልታመሙትም 80 በመቶውን በትክክል «የለባችሁም» ይላል ብለን እንያዝ። ከታመሙት 80 ሰው አገኘ። ካልታመሙት 900 ሰዎች ግን 180ውን በስህተት «አለባችሁ» አለ። «አለባችሁ» ከተባሉት 260 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 80 ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ። መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ያልታመመው ሰው ቁጥሩ ስለሚበዛ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መጠይቅ ማን በባለሙያ መታየት እንዳለበት ይጠቁማል፤ ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል።

ከዚህ ሒሳብ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ ከተመለሰ ድምሩ 4ም ይሁን 24 ጉዳዩ የዛሬ ነው። ወንድምዎን ለብቻው አድርገው በቀጥታ ይጠይቁት፦ «መኖር አስጠልቶሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች እንዲያውም የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀላቸዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ ጸረ ተባይ ኬሚካልና የተረፈ መድኃኒት ከቤት ያውጡ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። መልሱ «አይደለም» ከሆነም በዚህ ሳምንት አንድ ባለሙያ ይየው። አፕሊኬሽኑን በየቀኑ እየሞላ ቁጥሩን መከታተሉን ግን ያቁም፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ መጠይቅ በየቀኑ ሲሞላ የሚያመጣው ጭንቀትን ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የሒሳብ መምህር ነኝ። የአእምሮ ሕመምን በሒሳብ ሞዴል የሚያጠና ሙያ እንዳለ አነበብሁ። ቀመር ለተጨነቀ ሰው ምን ይሠራለታል? ቀመሩንም አትደብቁብን። (መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ አንደብቅም፦

አዲስ ግምት = የቀድሞ ግምት + ፍ × (የሆነው − የቀድሞ ግምት)

ሮበርት ሬስኮርላና አለን ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1972 እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ ለማስረዳት ያወጡት ነው። በቅንፍ ያለው የግምት ስህተት ይባላል፤ የሆነው ነገር ከተጠበቀው ምን ያህል እንደተሻለ ወይም እንደባሰ ይለካል። «ፍ» የመማር ፍጥነት ነው፤ ከ0 እስከ 1 ይሆናል። 0 ከሆነ ሰውየው ከሆነው ነገር ምንም አይማርም፤ 1 ከሆነ ያለፈውን ሁሉ ረስቶ የትናንቱን ብቻ ያምናል።

እንግዲህ በቁጥር እንየው። አንዲት እናት በድብርት ምክንያት ለወራት ከጎረቤት ቡና ቀርተዋል። «ብሄድ ደስ ይለኛል» የሚለው ግምታቸው 0.2 ነው (0 ምንም ደስታ የለም፣ 1 ሙሉ ደስታ ማለት ነው)፤ ፍጥነታቸው 0.1። አንድ ቀን እንደምንም ሄዱ። አቦሉም ቶናውም በረካውም በጨዋታ አለቀ፤ የሆነው 1 ነው። አዲሱ ግምት 0.2 + 0.1 × 0.8 = 0.28። ሁለተኛው መልካም ቀን 0.35፣ ሦስተኛው 0.42፣ አራተኛው 0.48፣ አምስተኛው 0.53። ግማሹን ለማለፍ ብቻ አምስት መልካም ቡና አስፈለገ። ቤተሰብ «ትናንት ሄደሽ ስትስቂ አልነበር፣ ዛሬ ምን ሆንሽ?» ብሎ ሲቆጣ ይህን አያይም። ከአንድ ደስ ያለ ቀን በኋላ ግምቱ የጨመረው 0.08 ብቻ ነው፤ መውጣቱ ነገም እንደ ትናንቱ ሊከብዳቸው ይችላል።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ሰው ከክፉ ነገር ቶሎ፣ ከደጉ ቀስ ብሎ ይማራል። የእኚህ እናትም ለክፉው ፍጥነታቸው 0.4 ይሁን። 0.28 ላይ ደርሰው ሳለ በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ፊቷን አጠቆረችባቸው፤ የሆነው 0። 0.28 − 0.4 × 0.28 = 0.168። ከተነሱበት በታች ወረዱ። አንድ ኩርፊያ አንድ መልካም ቀን ያመጣውን በልቶ ከመነሻውም ቀነሰበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አለመሄድ ነው። ካልሄዱ «የሆነው» የሚባል ነገር የለም፤ ቀመሩ አይሠራም፤ 0.2 ዓመቱን ሙሉ 0.2 ሆኖ ይቆያል። ትክክል ይሁን ስህተት የሚፈተንበት መንገድ የለም። «ስሜቱ ሲመጣልኝ እወጣለሁ» የሚለው ሐሳብ ሰውን የሚያስረው በዚህ ነው፤ ስሜቱን ሊያመጣ የሚችለው መውጣቱ ራሱ ነውና።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ቀላል ነው፤ በሥነ ልቦና ሕክምናም ከሒሳቡ ተለይቶ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ቀንና ሰዓቱ አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ትንሽ ነገር ይመረጣል። ትንሽ የሚሆነው የመሳካት ዕድሉ ከፍ እንዲል ነው፤ ለክፉው ቶሎ ለሚማር ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባይሰናከሉ ይመረጣል። ሠርግ ቤት አይደለም፤ አንዲት የሚወዷት ጎረቤት ዘንድ አንድ አቦል ጠጥቶ መነሣት ነው። ከመሄድ በፊት «ምን ያህል ደስ ይለኛል?» ተብሎ ከ0 እስከ 10 በወረቀት ይጻፋል፤ እንደተመለሱ የሆነው ከጎኑ ይጻፋል። ሁለቱም መጻፍ አለባቸው። ከቀናት በኋላ «ምንም ደስ አላለኝም» የሚለው ትዝታ ሲመጣ «ጠበቅሁ 2፣ ሆነ 5» የሚለው ጽሑፍ ይመልስለታል።

ቀመሩ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ሹልትዝ፣ ዳያንና ሞንታግ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች እንቅስቃሴ ይህን የግምት ስህተት የሚከተል መሆኑን አሳዩ፤ ያልተጠበቀ ሽልማት ሲመጣ ይነቃሉ፣ የተጠበቀው ሲቀር ዝም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ረትሌጅና ባልደረቦቹ ከ18,000 በላይ ሰዎች በስልክ የተጫወቱትን ጨዋታ መርምረው፣ የቅጽበቱ ደስታ የሚወሰነው በተገኘው ነጥብ ብዛት ሳይሆን ውጤቱ ከተጠበቀው ተሽሎ በመገኘቱ እንደሆነ አሳይተዋል።

የዚህ ሙያ ትልቁ ተስፋ እንደሚከተለው ነው። ሁለት ሰዎች በመጠይቁ እኩል 16 ያመጣሉ። አንዱ ሽልማቱ ሲመጣ የማይሰማው ነው፤ ሌላው ይሰማዋል፣ ግን እንደሚመጣ አይጠብቅም። ድምሩ ያመሳስላቸዋል፤ ሞዴሉ ይለያቸዋል፤ ለየብቻ የሚስማማቸው እርዳታም ሊለይ ይችላል። ወደ ምርመራ ክፍል ገና ያልገባበት ምክንያትም አለው። አንድ ሰው ጨዋታውን ዛሬ ተጫውቶ የወጣለት «ፍ» ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደግመው ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር ይዞ ሕክምና መምረጥ አይቻልም። ቡድንን ለማጥናት ይበቃል፤ በአንድ ሰው ላይ ለመወሰን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። በ2014ቱ ጦርነት ካየሁት ወዲህ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ድምፁን ከሰማሁ ልቤ ይመታል፤ ሮጬ ቤት እገባለሁ። አንድ ክረምት ደሴ ዘመድ ቤት ስቆይ ትቶኝ ነበር፤ ስመለስ እንደገና ጀመረኝ። ለምን ተመለሰ? (ሠራተኛ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የተመለሰው ደክመው አይደለም። ገርሽማን፣ ኒቭና ባልደረቦቻቸው በሠሩት ሞዴል አንጎል የድሮውን ፍርሃት እየሰረዘ በላዩ አይጽፍም፤ ሁኔታው የተለየ ሲመስለው ለአዲሱ ልምድ ሌላ መዝገብ ይከፍታል። ደሴ ያሳለፉት ክረምት «ደሴ፣ ዘመድ ቤት፣ ሰላም» ተብሎ በሌላ መዝገብ ገባ። ኮምቦልቻ ሲመለሱና ድምፁን ሲሰሙ የተገለጠው የቀድሞው ነው።

ሮጦ ቤት መግባቱም የራሱ ሥራ አለው። አውሮፕላኑ አረፈ፣ ምንም አልሆነም፤ አንጎል ግን ምስጋናውን ለሩጫው ይሰጣል፤ «የዳንሁት ስለሮጥሁ ነው» ይላል። ድምፁ ብቻውን ምንም እንደማያመጣ የሚማርበት ዕድል አያገኝም። ጆሮ መድፈንም፣ ከሰው ጋር ካልሆኑ አለመውጣትም እንዲሁ ናቸው።

ልምምዱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ የሚመራዎ የሠለጠነ ባለሙያ ቢኖር ይመረጣል። በመጀመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ በስልክ ተቀድቶ በቤት ውስጥ ዝቅ ተደርጎ ይደመጣል። ከመክፈትዎ በፊት የሚፈሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ «ልቤ ይቆማል»፣ «ራሴን እስታለሁ» ሊሆን ይችላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ደጋግመው ያዳምጡና የጻፉት ሆነ ወይስ አልሆነም የሚለውን ከታች ይመልሱ። ፍርሃቱ ወደ ዜሮ እስኪወርድ አይጠበቅም፤ የሚፈለገው «የጠበቅሁት አልሆነም» የሚለው ትምህርት ነው። ከዚያ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ቀጥሎ በር ላይ ቆሞ እውነተኛውን መስማት፤ ቀጥሎ ደጅ። ቦታው መቀያየሩን አይርሱ፦ ቤት፣ ገበያ፣ ሥራ ቦታ፣ መንገድ፣ ጠዋትም ማታም። በአንድ ቦታ ብቻ የተሠራ ልምምድ ለዚያ ቦታ ብቻ ይመዘገባልና።

ከልብ የምናሳስበው ነገር አለ። በእርግጥ አደጋ ባለበት ቀን፣ ተኩስ በሚሰማበት ሰዓት፣ ፍርሃት ትክክለኛ ግምት ነው፤ ያን ቀን ልምምድ የለም፣ ራስዎን ይጠብቁ። ቅዠት በየሌሊቱ ካለብዎ፣ ያየሁት ነገር አሁን እየሆነ ነው የሚያሰኝ ስሜት ካለ፣ ወይም እንቅልፍ ለማግኘት መጠጥ ከጀመሩ ብቻዎን አይሞክሩት። መጀመሪያ ባለሙያ ያግኙ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሦስት ተመራቂ ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ሥራችን ከፌስቡክና ከቴሌግራም የአማርኛ ጽሑፍ ሰብስበን ድብርት ያለበትን ሰው የሚለይ ሞዴል ልንሠራ ነው። በሙከራ 97 በመቶ አግኝተናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ልጆች፣ 97ን ካያችሁ በመጀመሪያ ጠርጥሩት። ሦስት ነገር ፈትሹ።

ዳታውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ስትከፍሉ በጽሑፍ ነው ወይስ በሰው የከፈላችሁት? የአንድ ሰው 40 ጽሑፎች 30ው እዚህ፣ 10ሩ እዚያ ከገቡ ሞዴሉ የተማረው ድብርትን ሳይሆን የሰውየውን አጻጻፍ ነው። አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከ1,000 ጽሑፎች 80ው ብቻ «ድብርት» ከተባሉ፣ ሁሉንም «የለም» የሚል ፕሮግራም 92 በመቶ ያገኛል። ስለዚህ ከታመሙት ስንቱን አገኘ፣ «አለ» ካላቸውስ ስንቱ እውነት ነው የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ለየብቻ ጻፉ። ሦስተኛ፣ መለያውን ማን ሰጠው? ተማሪ አንብቦ «ይህ ድብርት ነው» ማለቱ ምርመራ አይሆንም። ቢያንስ ሁለት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ሳይነጋገሩ ይለዩት፤ ስምምነታቸው በካፓ (በአጋጣሚ ከሚመጣው ያለፈ ስምምነትን በሚለካ ቁጥር) ተሰልቶ ከ0.6 በታች ከሆነ መመሪያችሁ ግልጽ አይደለምና አስተካክሉት።

ከዚያ ቋንቋው አለ። በቁልፍ ቃል የሚሠራ ማጣሪያ አማርኛ ላይ ይወድቃል። እናት ልጇን «ልሙትልህ፣ ይህችን ጉርሻ» ትላለች፤ ወዳጅ ለወዳጁ «አፈር ስሆን ቁጭ በል» ይላል፤ የተደነቀ «ገደለኝ በሳቅ» ብሎ ይጽፋል። ሞት በየመስመሩ አለ፤ ሐዘን ግን የለም። በአንጻሩ በእርግጥ የተጨነቀው «ጭንቅ ጥብብ አለኝ»፣ «ውስጤ ተቃጠለ»፣ «ራሴን ያግለኛል» ይላል፤ «ድብርት» የሚለውን ቃል ጨርሶ ላያነሳ ይችላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀና ኸን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ መልክ አምጡ፤ አለዚያ አንዱ ቃል አራት ይሆንባችኋል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን አማርኛ አትጣሉት፤ ወጣቱ በብዛት እንደዚያ ይጽፋል።

በተለይ ወሎ ላይ ሆናችሁ ይህን ፈትሹ። «አልሐምዱሊላህ» የሚለውና «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው በዳታችሁ ውስጥ ከተለያየ ምንጭ የመጡ ከሆነ ሞዴሉ ሃይማኖትን ከሕመም ጋር አያይዞ ሊማር ይችላል። ስህተቱን ለየቡድኑ ለይታችሁ ቁጠሩ። ሌላ ከተማ ላይም ፈትኑት። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የቼክሩድና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለመድኃኒት የሚሰጡትን ምላሽ የሚተነብዩ ሞዴሎች በሠለጠኑበት የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ጥሩ ሲሠሩ፣ ወደ ሌላ ሙከራ ሲሻገሩ በዘፈቀደ ከመገመት እንደማይሻሉ አሳይቷል። እዚያ ያሉት ታካሚዎች በሐኪም የተመረመሩ ነበሩ፤ የቴሌግራም ጽሑፍማ የባሰ ነው።

የሰው ፈቃድን በተመለከተ፣ ጽሑፉ ለሁሉ መታየቱ ለምርምር መፍቀድ አይደለም። ከመሰብሰባችሁ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቅርቡ፤ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ፎቶ አታስቀምጡ። «ዛሬ ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ጽሑፍ በዳታው ውስጥ ቢገኝ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያደርጋል የሚለው ገና ሳትጀምሩ በጽሑፍ ይወሰን። ይህን መመለስ ካልቻላችሁ ዳታውን አትሰብስቡ።

እኛን ብትሰሙን ርዕሱን ቀይሩት። ሰው ሳያውቅ የሚለይ ሳይሆን ሰው ፈቅዶ የሚጠቀምበትን ሥሩ፦ ማንበብ ለማይችሉ ታካሚዎች 9ኙን ጥያቄዎች በአማርኛ ድምፅ የሚያነብ፣ መልሱን የሚይዝ፣ 9ኛው ላይ ከ0 በላይ ሲመለስ ወዲያው ለነርሷ የሚያሳይ፣ ቀጠሮ ላይ የቀረውን የሚያስታውስ፣ ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራ። በሒሳቡ ቀላል ነው፤ በጤና ጣቢያ ግን ነገ ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት ከጀመረ 12 ቀኑ ነው፤ ለውጥ የለም። ስልክ ላይ የሚያወራው ሮቦት «ላይሠራልህ ይችላል» አለው፤ ሊያቆም ነው። ጠበልም ጀምረናል። (ባለቤት፣ ደሴ)

መልስ፦ እንዳያቆም። 12 ቀን ለመፍረድ ገና ነው፤ ለውጡ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፤ በተስማሚ መጠን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲወሰድ ነው የሚመዘነው። ካትሪን ሃርመርና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት መድኃኒቱ ገና በጅማሬው የሚለውጠው ሰው ከፊትና ከንግግር ክፉውን ብቻ የመልቀም ዝንባሌውን ነው፤ ስሜቱ የሚከተለው እነዚያ ትንንሽ ለውጦች ከሰው ጋር በሚያልፉ ቀናት ሲጠራቀሙ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ክፍል ዘግቶ መቀመጡ ይጎዳዋል። በዚሁ መንገድ መድኃኒቱ እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚተነብይ ፕሮግራም በአምስት የአውሮፓ አገሮች ተሞክሮ በዋናው መለኪያ፣ በድብርቱ መቅለል፣ ግልጽ ልዩነት አላመጣም፤ የባለቤትዎ ሮቦት ደግሞ መጠኑንም፣ የጀመረበትን ቀንም፣ ሌላ የሚወስደውን መድኃኒትም ላያውቅ ይችላል።

ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይኖራሉ፤ ጠዋት ከምግብ ጋር ቢወስደው ይቀላል። መቀመጥ እስኪያቅተው መቁነጥነጥ፣ ያልተለመደ መፍለቅለቅና እንቅልፍ አልባነት፣ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ጠበሉን ይቀጥሉ፤ ለአባቶች መድኃኒት ላይ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ከጾሙም የተነሳ ኪኒኑን እንዳይዘል ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ። የጀመረበትን ቀን፣ መጠኑንና በየሳምንቱ የተኛበትን ሰዓት በአንድ ወረቀት ጽፈው ለቀጠሮው ይያዙ።